ቀይና አረንጓዴ አጠገብ ለአጠገብ፦ ኪዩቦቹ የት ገቡ?

ሰፊዋ_ከሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

«ተምብሊንግ ብሎክስ» የሚባለውን ኩዊልት (ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) ልሠራ ተነስቻለሁ። ለማታውቁት፣ ሦስት ሮምበሶች (አራት ጎናቸው እኩል የሆነ ሰያፍ ቅርጾች) ይገጣጠሙና አንድ ኪዩብ ይመስላሉ። አንዱ ክዳኑ ነው፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ጎኖቹ ናቸው። ከተሳካ ጨርቁ ጠፍጣፋ መሆኑን ዓይን ይረሳዋል። ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርድሮ ነው የሚታየው።

እስካሁን አልሰፋሁም። ሮምበሶቹን ቆርጬ ግድግዳ ላይ በወጠርኩት ፍላኔል ላይ ለጣጥፌያቸዋለሁ። ክዳኑ ክሬም፣ ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ ነው። ጨርቁን የሸጠችልኝ ሴትዮ «ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ኮንትራስት አታገኚም» ብላኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው እውነቷን ነው፣ ዓይን ይወጋል። ወደ ኋላ ስሸሽ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቀይና አረንጓዴ መሆናቸው አሁንም ይታየኛል፣ ኪዩቡ ግን የለም። ሁለቱ ጎኖች አንድ ጠፍጣፋ ነገር ይሆኑና ክሬሙ ብቻውን ተንሳፎ ይቀራል።

የሚገርመው ታች ያለው ረድፍ ነው። ቀዩ ስላለቀብኝ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ወይን ጠጅ አስገባሁበት። እዚያ ኪዩቦቹ ቁጭ ብለዋል! ወይን ጠጅ የአረንጓዴ ተቃራኒ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ምንድነው ነገሩ?

እትዬ_መርፌ

ልጄ፣ ሴትዮዋ አልዋሸችሽም። የነገረችሽ ግን ግማሹን ነው።

ቀለም ስንል ሁለት ነገር እናደባልቃለን። አንዱ ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ሰማያዊ ነው የምንለው ነው። ሌላው ወደ ነጭ ያደላል ወይስ ወደ ጥቁር የሚለው ነው። ሁለተኛውን እኔ ፍካት እለዋለሁ። ኪዩብ የሚያቆመው ፍካት ነው። ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ፤ ሦስቱ ከተሟሉ የቀለሙ ስም ያሻው ይሁን። ያንቺ ቀይና አረንጓዴ ሁለቱም መካከለኛ ናቸው ማለት ነው። ወይን ጠጁ ጠቆር ስላለ ኪዩቡን አቆመልሽ። በቃ።

እርግጠኛ ለመሆን ጨርቆቹን ጎን ለጎን አድርጊና በአንድ ፎቶ አንሺያቸው። ለየብቻ ካነሳሽ ስልኩ ብርሃኑን በየፎቶው ራሱ ያስተካክልና ይሸውድሻል። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው።

ሰፊዋ_ከሜሪላንድ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አነሳሁት። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ አሉ! ስፌቱ የሚያልፍበትን መስመር እንኳ ለማግኘት ፎቶውን ማጉላት ነበረብኝ። ባለቤቴ «የቱ የቱ ነው?» ብሎ ስቆብኛል።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ውይይቱ ላይ ዘው ብዬ ገባሁ። ፍካትን ለመለየት ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ላስቲክ በዓይን ላይ አድርጎ ማየትም ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱስ አይሻልም?

እትዬ_መርፌ

ቀይ ለሌለበት ሥራ ይረዳል። ለእሷ ግን ያሳስታታል። በቀይ ላስቲክ ስታዪ ቀይ ጨርቅ ፈክቶ ይታይሻል፣ አረንጓዴ ደግሞ ይጠቁራል። እኩል የሆኑትን «ልዩነት አላቸው» ብሎ ይነግርሻል። ቀይ ባለበት ሥራ ላይ ቀይ ላስቲክ አትመኚ።

ቪዲዮ_ቆራጩ

እኔ ስፌት አላውቅም። እዚህ ቤት የመጣሁት እህቴ ሊንኩን ልካልኝ ነው። ግን ይሄ የእኔ የዕለት እንጀራ ነው።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ጥቁርና ነጭ» የሚል ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንድ አፕ ላይ የቀለሙን ጥንካሬ ወደ ዜሮ ስታወርጂው በተሳሳተ ስሌት ነው ግራጫ የሚያደርገው። በዚያ ስሌት ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ሰማያዊ እኩል ግራጫ ይሆናሉ። ዓይን ያለው ሰው ቢጫው እጅግ የፈካ፣ ሰማያዊው እጅግ የጠቆረ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ አፑን መጀመሪያ በቢጫና በሰማያዊ ፈትኑት። እኩል ካደረጋቸው ጣሉት።

ትክክለኛው ስሌት የዓይንን አድልዎ ይከተላል። ለኤችዲ ቴሌቪዥን በሚሠራበት ቀመር ከፍካቱ 72 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከአረንጓዴ ብርሃን ነው። ቀይ 21፣ ሰማያዊ 7 በመቶ ብቻ ነው የሚያዋጡት። ስክሪን ላይ በመጨረሻው ኃይል የበራ ሰማያዊ እንኳ ጨለም ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ደማቅ ቀይ ከጠለቅ ያለ አረንጓዴ ጋር እኩል መውጣቱም ከዚሁ ይመጣል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይመለከታችኋል። ዓይን የፍካትን ልዩነት በጣም በደቃቁ ይለያል። የቀለምን ልዩነት ግን በደቃቁ መለየት አይሆንለትም። የእኛ ሙያ በዚህ ድክመት ላይ ነው የሚኖረው። ስልካችሁ ላይ የምታዩት አብዛኛው ቪዲዮ ፍካቱን ለእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ (ፒክስል) ለየብቻው ይይዛል። ቀለሙን ግን ለ4 ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚይዘው። ከመረጃው ግማሹ እንዲህ ተጥሎ ማንም «ቀለሙ ጎደለ» ብሎ ሲጮህ አልሰማሁም።

ነጠብጣብ

ደስ የሚል ውይይት ነው፣ ግን እየተቸኮለ ይመስለኛል። «ፍካት ነው፣ በቃ» አትበሉ።

ሥዕል አስተምራለሁ፣ ኩዊልትም እወዳለሁ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ላንካስተር ካውንቲ የሚኖሩ የአሚሽ (ከዘመናዊ ኑሮ ርቆ የሚኖር የክርስቲያን ማኅበረሰብ) ሴቶች የሠሯቸውን የድሮ ኩዊልቶች ያየ ሰው እንዲህ አይፈርድም። ጨርቁ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሱፍ ነው፣ አበባ የለበትም። ትልቅ ካሬ መሃል አንድ ትልቅ ሮምበስ ያርፋል። ወይን ጠጅ ከቀይ፣ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከሐምራዊ። ብዙዎቹ በፍካት በጣም ይቀራረባሉ። ውጤቱ ግን ፍም ነው፣ ጠርዙ ላይ ይነዝራል። ጆናታን ሆልስታይን እና ጌይል ቫን ደር ሁፍ ያሰባሰቧቸው የአሜሪካ ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ1971 ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ሰው የደነገጠው በከንቱ አይደለም። ሠዓሊዎቹ በሸራ ላይ የሚታገሉትን ነገር እነዚህ ሴቶች አልጋ ላይ ጨርሰውታል።

ስለዚህ እኩል ፍካት ጥፋት አይደለም። ምን እንዲሠራ እንደምትፈልጊ ማወቅ ነው።

ቪዲዮ_ቆራጩ

እስማማለሁ። ግን እሷ የምትሠራው ትልቅ ሮምበስ አይደለም። መጠኑ ነው ልዩነቱ። ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ቀይ የፈለገ ብትርቂ ቀይ ነው። የትንንሽ ቁርጥራጭ ጠርዝ ግን በቀለም ብቻ አይቆምም።

ኪዩብ ደግሞ ጥልቀት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሃርቫርድ ውስጥ ማርጋሬት ሊቪንግስተን እና ዴቪድ ሁበል ይህን አጥንተውታል። አንድን ሥዕል ፍካታቸው እኩል በሆኑ ሁለት ቀለሞች ሲሠሩት የጥልቀት ስሜቱ ክፉኛ ይደክማል። ጥልቀትንና እንቅስቃሴን የሚያነበው የአንጎል ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው በፍካት ነው፣ ለቀለም ደንታ የለውም። ሌላው ክፍል «ሁለት ቀለም ነው» ይላል፣ ይሄኛው ደግሞ «ጠርዝ የለም» ይላል። ቀረብ ብላ ስታየው ዓይን የወጋት ይሄ አለመግባባት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ነጠብጣብ

እሺ፣ መጠኑን ተቀብያለሁ። ለኪዩብ ፍካት፣ ለትልቅ ካሬ ነዘራ። በዚህ ከተስማማን ጥል የለንም።

የጥለት_ልጅ

ከሽሮ ሜዳ ነኝ። አባቴ ሸማኔ ነው፣ እኔም እጄን አስገብቻለሁ። የምትሉት ነገር የሽመና ዕቃ ላይ በየቀኑ ያለ ነው፣ ስም ሳንሰጠው እንኖራለን እንጂ።

ጥለት ላይ ቀይና አረንጓዴ በቀጥታ አናገናኝም። አባቴ መሃላቸው ቀጭን ጥቁር ወይም ወርቀ ዘቦ ያሳልፋል። «ካልለየኸው ይበላላል» ነው የሚለው። ባንዲራችንንም እዩት። አረንጓዴና ቀይ መሃል ቢጫ አለ። ቢጫ ከሦስቱ በጣም የፈካው ነው። እስቲ ቢጫውን በሐሳባችሁ አውጡትና ሁለቱን አጋጥሟቸው፣ ከሩቅ ሲውለበለብ መስመሩ የት እንዳለ ለማየት ትቸገራላችሁ። ባንዲራው ለዚህ ተብሎ ነው የተሠራው አላልኩም፣ እንዳትሰድቡኝ።

ሌላው፣ የእኛ ጥለት ዙሪያው ነጭ ነው። ነጠላው ራሱ ትልቅ የፈካ ሜዳ ስለሆነ ምንም ብታስቀምጥበት ይወጣል። እናንተ ያ ሜዳ የላችሁም። ሁሉም ቁራጭ ከሁሉም ጋር ይጋፋል። ከእኛ ሥራ ይከብዳል ብል አልዋሸሁም።

ቀይ_አረንጓዴ_የለም

ወንድ ነኝ፣ ቀይና አረንጓዴ በደንብ አልለይም። ከአውሮፓ ዘር ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ እንዲህ ነው ይባላል፣ ሴቶች ላይ ግን ብርቅ ነው። ሚስቴ ኩዊልት ትሠራለች። ጨርቅ ደርድራ ስትጨርስ ትጠራኛለች። «ምን ታያለህ?» ትለኛለች። ኮከብ ካየሁ ኮከቡ አለ። «ቡኒ ነገር» ካልኩ ትበትነዋለች። ከስልክ በላይ እሠራለሁ፣ ባትሪም አልፈጅም።

እትዬ_መርፌ

😂 ለሚስትህ ሰላምታ አቅርብልኝ። እንዲህ ያለ ባል ሱቅ ውስጥ አይሸጥም።

ሰፊዋ_ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አደረግሁ፦ ቀዩን አስቀረሁና አረንጓዴውን በጣም በጠቆረ አረንጓዴ ቀየርኩ። አሁን ክሬም፣ ቀይ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ኪዩቦቹ ተነሱ!

ግን ሁለት አዲስ ነገር መጣ። አንደኛ፣ አንዳንዴ ኪዩቦቹ ይገለበጣሉ። ዓይኔን ሳርገበግብ ወደ ውጭ የወጣው ሳጥን ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ክሬሙ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሆኖ ሳለ አረንጓዴው የበዛበት ቦታ ላይ ሮዝ ሮዝ ይላል። እጄ ቆሽሾ ይሆን ብዬ አጥቤዋለሁ።

እትዬ_መርፌ

መገለባበጡ የዚህ ንድፍ ባሕርይ ነው። ልዊ ኔከር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የክሪስታል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1832 በመስመር ብቻ የተሣለ የክሪስታል ሥዕል እያየ እንዲሁ ሲገለባበጥበት ጽፎታል። ሮማውያን ደግሞ ከእሱ በፊት ወለል አድርገው ረግጠውታል። በፖምፔይ «የፋውን ቤት» በሚባለው ግቢ ውስጥ ይኸው የኪዩብ ንድፍ በሦስት ዓይነት ድንጋይ ተነጥፏል። እነሱም ፈካ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ ነው የመረጡት።

ግን ልትቆጣጠሪው ትችያለሽ። አንጎላችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ነው የሚነሳው፣ ፀሐይ ላይ ስላለች። የፈካው ሮምበስ ሁልጊዜ ላይኛው ቦታ ላይ ከሆነ «ክዳን» ነው ብሎ ያነበዋል። አንድ ቦታ ላይ ክሬሙን ወደ ጎን ካዞርሽው ሥርዓቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመስፋትሽ በፊት በየረድፉ እየሄድሽ ክሬሙ ሁሉ ላይ፣ ቀዩ ሁሉ ግራ፣ አረንጓዴው ሁሉ ቀኝ መሆኑን አረጋግጪ። ግድግዳ ላይ አንድ የተዞረ ሮምበስ አይታይም። ከሰፋሽው በኋላ ግን ሌላ ነገር አይታይሽም።

በነገራችን ላይ እነዚያው ሮምበሶች ኮከብም ይሆናሉ። ሹል ጫፎቻቸው ስድስት ሆነው የሚገናኙበትን ነጥብ ፈልጊ። በዚያ ነጥብ ዙሪያ ያሉትን ስድስቱን አንድ ፍካት ካደረግሽ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ስፌቱ አንድ፣ ቁርጡ አንድ። ዓይንን የሚመራው የፈካውን የት እንዳስቀመጥሽ ብቻ ነው። በቁርጥራጭ የሚሠራው «ሎግ ካቢን»ም እንዲሁ ነው። መሃል ያለውን ካሬ በቀጫጭን ጨርቅ እየዞርሽ ስትከቢው ግማሹን በፈካ፣ ግማሹን በጠቆረ ታደርጊዋለሽ። ያኔ ጨርቁ የሃያ ሰው ቁምጣና ሸሚዝ ቢሆንም ድሪቶ አይመስልም።

ነጠብጣብ

የክሬሙ ጉዳይ ለእኔ ይሁን፣ በጣም የምወደው ታሪክ ነው።

ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን የምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ስሞታ ጠበቀው። ጥቁሩ ቀለም ደካማ ነው፣ በተለይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ጨርቅ ላይ ጥላ ስንሠራበት ፈዝዞ ይታያል አሉት። ኬሚስት ስለሆነ መጀመሪያ ቀለሙን መረመረ። የእነሱን ጥቁር ክር ከሌላ ፋብሪካ ጥቁር ጋር አነጻጸረ። ምንም ችግር አላገኘበትም። ጥፋቱ ማሰሮው ውስጥ አልነበረም። ጥቁሩ የሚደክመው አጠገቡ ባለው ቀለም ምክንያት ነበር። ከዚያ ተነስቶ ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞች እንዴት እንደሚለዋወጡ ለዓመታት ሲያጠና ቆየና በ1839 አሳተመው።

ነገሩ ይሄ ነው፦ አንድ ቀለም አጠገቡ ያለውን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል። አረንጓዴ ክሬሙን ወደ ቀይ ይገፋል፣ ስለዚህ ሮዝ ሮዝ ይልሻል። ጠቆር ያለ ነገር ደግሞ አጠገቡ ያለውን ያፈካዋል። ቆሻሻ የለም፣ ጨርቅሽ ንጹሕ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ቀዳዳ ብሺና ሁለቱን ክሬሞች ብቻ በቀዳዳው እዪ። አንድ ይሆናሉ።

መፍትሔ? እኔ ብሆን ምንም አላደርግም። በጣም ከረበሸሽ ግን ክሬሙን እዚያ ቦታ ላይ በጥቂቱ ወደ አረንጓዴነት በሚያደላ ክሬም ለውጪው።

ሰፊዋ_ከሜሪላንድ

ቀዳዳውን ሠራሁት። አንድ ናቸው! ባለቤቴም ጎንበስ ብሎ አየና ዝም አለ። ዝምታው አስደሰተኝ።

አዲስ_ገቢ

አበባማ ጨርቅስ? እኔ ያለኝ ሁሉ ትንንሽ አበባ ያለበት ነው።

ቪዲዮ_ቆራጩ

ጤናማ ዓይን 3 ሜትር ላይ ሆኖ ሊለየው የሚችለው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰ አበባ ከመደቡ ጋር ይቀላቀልና አንድ አማካይ ቀለም ይሆናል። ነጭ መደብ ላይ ደቃቅ ቀይ አበባ ካለ ሱቅ ውስጥ ቀይና ነጭ፣ ግድግዳ ላይ ሮዝ ነው። ስለዚህ ጨርቁን ዘርግታችሁ ከሩቅ ምረጡት። ሱቁ ጠባብ ከሆነ የስልኩን ካሜራ ከፍታችሁ ዙም ሳታደርጉ እዩት፣ በስክሪኑ ላይ አንሶ ይታያችኋል።

እትዬ_መርፌ

ትልልቅ አበባ ያለበትን ደግሞ ለሮምበስ አትጠቀሚ፣ እባክሽ። አንዱ ቁራጭ ላይ ቅጠሉ፣ ሌላው ላይ ነጩ መደብ ይወድቃል። ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ሁለት ፍካት ይኖራቸዋል። ለዳር ማቀፊያው አስቀምጪው።

ያረጀ ጨርቅም እንዲሁ ነው፣ ግን እሱ ሲያምር ያምራል። አላባማ ውስጥ ጂዝ ቤንድ የሚባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ተለብሶ ካረጀ የሥራ ሱሪ የሠሯቸው ኩዊልቶች አሉ። ኪሱ የተነቀለበት ቦታ ፀሐይ ስላልነካው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፣ ዙሪያው ነጥቷል። በዚያ የኪስ ቅርጽ ንድፍ ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ለእይታ ቀርበው ነበር። እነሱ ቀለማት በክብ በተደረደሩበት «የቀለም ጎማ» ላይ ተቃራኒ ሲፈልጉ አልዋሉም።

ሰፊዋ_ከሜሪላንድ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ወደ ስፌት። ዙሪያውን ምን ልክበበው? ጥቁር አረንጓዴው ተርፎኛል፣ ቀዩም ትንሽ አለ፣ ክሬሙ ሞልቷል። ደግሞስ በየትኛው ክር ልስፋ?

ነጠብጣብ

ጠቆር ያለ ከከበብሽው መሃል ያለው ሁሉ ይፈካል፣ ቀዩም ይነዳል። በክሬም ከከበብሽው ክዳኖቹ ከዳሩ ጋር ይያያዙና ጫፍ ላይ ያሉት ኪዩቦች ክዳናቸውን ያጣሉ። አንድ ቀለም ብቻ ስትቀይሪ የሁሉም መልክ አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ቆርጠሽ አትሞክሪ። ጨርቁን ሳትቆርጪ እጠፊና በአንድ ጥግ በኩል በሁለት ጎን አስጠጊው፣ ሂጂና ከሩቅ እዪው።

ቪዲዮ_ቆራጩ

ማታም እዪው። መኝታ ቤት ነው የሚገባው አይደል? ብርሃን ሲደክም ቀይ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ቀድሞ ይጠቁራል። ፑርኪንዬ የተባለ የቼክ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነው። ቀን መካከለኛ የሆነው ቀይሽ ማታ ከጥቁር አረንጓዴው ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። አምፖሉን ዝቅ አድርገሽ ኪዩቡ መኖሩን ፈትሺ።

እትዬ_መርፌ

በማታው ፈተና ከወደቀ ቀዩን ፈካ ወዳለ ቀይ ወይም ብርቱካናማ አስጠጊው፣ አረንጓዴውን አትንኪ።

ክሩን መካከለኛ ግራጫ አድርጊው። ክሬም ላይም አረንጓዴ ላይም አይጮህም፣ በየቀለሙ ክር መቀያየር አያስፈልግሽም። ሦስት ሮምበስ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ደግሞ እስከ ጨርቁ ጫፍ አትስፊ። ሩብ ኢንች ሲቀርሽ አቁሚና አጥብቂው፣ አለዚያ ሦስተኛው አይገባልሽም። ካውያውን ከላይ ተጫኚው እንጂ አትጎትቺው፣ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል።